ቀይን ከቀይ፣ አረንጓዴን ከአረንጓዴ

ቀይና አረንጓዴ አይለይልኝም። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ከአፌ ለማውጣት ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ዛሬ ስጽፈው እንኳ ቶሎ ጨርሼው ወደ ሌላ ወሬ ማለፍ ያምረኛል። ዓይኔ ሌላ እንከን የለበትም። ወለል ላይ የወደቀች የሬዲዮ ብሎን ከሰው ሁሉ ቀድሜ የማገኛት እኔ ነኝ። እነዚያ ሁለት ቀለሞች ግን ለኔ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የደረቀ ጭቃ ይመስሉኛል።

ጣጣው ሥራዬ ሬዲዮና ቴፕ መጠገን መሆኑ ነው። የዚህ ሥራ ግማሹ ቀለም ነው። ሽቦ የሚለየው በቀለም ነው፤ በሬዲዮ ሆድ ውስጥ ምስር የሚያካክሉት ዕቃዎች እንኳ መጠናቸው የሚታወቀው በላያቸው በተቀባው ቀለበት ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ነገሩን ቢያውቁ ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ሂድና ፍየል ነግድ ይሉኝ ነበር። ስለዚህ ደበቅሁ። የምታውቀው ታናሽ እህቴ ይርጋነሽ ብቻ ነበረች። ልጅ ሆነን ቲማቲም ልቀም ተብዬ ጥሬውንም የበሰለውንም አንድ ላይ ይዤ ስመጣ ነው ያወቀችብኝ።

ይርጋነሽ ዓይኔ ሆነች። ከሱቁ ጥግ ተቀምጣ ዳንቴል እየሠራች፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት የቀለበቶቹን ቀለም ታነብልኛለች። ደንበኛ ካለ ቀድማ ሽቦዎቹ ላይ ቋጠሮ ታስርልኛለች፤ ለቀይ አንድ፣ ለአረንጓዴ ሁለት። የቀረውን በኤሌክትሪክ መለኪያዬ፣ በቴስተር፣ እየለካሁ እደርስበታለሁ። አግብታ ከቤት ስትወጣም ጎጆዋ ከሱቁ ጀርባ ስለነበር አልተለየችኝም። በዚህ ዓይነት ቢቸና ላይ ዘጠኝ ዓመት አንቱ የተባልኩ ባለሙያ ሆኜ ኖርኩ። ባንተአምላክ የነካው ሬዲዮ ተመልሶ አይበላሽም ይባል ነበር፤ ሲባል ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ሲጋመስ፣ መምህርት ሰብለ ወንጌል ሱቄ መጣች። ከደብረ ታቦር ተመድባ የመጣች የሂሳብ መምህርት ናት፤ ቀጭን፣ ችኩል፣ ስታናግር ዓይኗን ከሰው ዓይን የማትነቅል። ትምህርት ቤቱ ፈረንጆች የሰጡት ሁለት ኮምፒውተር ደርሶታልና መጥተህ እይልን አለችኝ። ኮምፒውተር ሲባል የአሁኑን አታስቡ። ፈረንጆቹ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ልጆቻቸውን ያጫወቱባቸውና ኋላ ጓዳ የጣሏቸው ናቸው። የሚጻፍበት ሰሌዳ ራሱ ኮምፒውተሩ ነው፤ ሌላ አካል የለውም። ሥራውን የሚያስቀምጠው በተራ የሙዚቃ ካሴት ላይ ሲሆን፣ ምስሉን የሚያሳየው ደግሞ ቴሌቪዥን ተውሶ ነው።

ሰብለ ወንጌል ከዳይሬክተሩ ቤት ቴሌቪዥን አስመጥታ ሞክራዋለች። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይመጣና እንደ ፈላ ወተት ወደ ላይ ይገነፍላል። ከዚያ ደብረ ማርቆስ ያለች ጓደኛዋ ከአንድ መሥሪያ ቤት የተጣለ ባለቀለም ሞኒተር አግኝታ በአውቶቡስ ላከችላት። እሱ ደግሞ ሣጥን የሚያክል፣ ከጀርባው አራት ክብ መሰኪያዎች ያሉት ነው፤ አንዱ የቀይ፣ አንዱ የአረንጓዴ፣ አንዱ የሰማያዊ፣ አራተኛው ምስሉ እንዳይገነፍል የሚይዝ። ኮምፒውተሩ በበኩሉ ያለው ስምንት ቀዳዳ ያላት አንዲት መሰኪያ ብቻ ናት። ሁለቱን የሚያገናኝ ገመድ በአገሩ አልነበረም። እኔ እሠራዋለሁ አልኩ፤ ሳላስብ ነው ያልኩት።

ሁለት ወር አንገበገበኝ። ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣው መጽሐፍ በጀርመንኛ የተጻፈ ቢሆንም የቀዳዳዎቹ ሥዕል ቁጥር ስለነበረው እሱን ተከተልኩ። ለስምንቱ ቀዳዳ የሚሆን ሶኬት ስላጣሁ ከአሮጌ ቴፕ ነቅዬ፣ የጎደለውን በሚስማር ጫፍ ሠራሁ። አንድ ቀን ምስሉ ይቆማል፣ ቀለም የለም። ሌላ ቀን ቀለሙ ይመጣል፣ ምስሉ ይዘማል። ራት እየበላሁ ድንገት ብድግ ብዬ ወደ ትምህርት ቤቱ የሄድኩበት ቀን አለ። ሰብለ ወንጌልም ከኔ አትሻልም ነበር፤ ክፍል ጨርሳ እየሮጠች ትመጣለች፣ ከጀርባዬ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። የምትቸኩለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ግንቦት ላይ ሞጣ የትምህርት ቤቶች ኤግዚቢሽን ይደረጋል፤ ከዚያ ላይ የተመረጠ መምህር አዲስ አበባ ሄዶ ስድስት ወር ኮምፒውተር ይማራል። ያንን ዕድል እንደሷ የፈለገ ሰው አላየሁም።

ሚያዝያ ላይ ተሳካ። ያን ዕለት ይርጋነሽ ቀኗ የገባ እርጉዝ ነበረች፤ እያለከለከች ተከትላኝ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች። ሰብለ ወንጌል ቁልፉን ስትጫን ሰንደቅ ዓላማው መስመር በመስመር ከላይ ወደ ታች ተሳለ፣ መሐሉ ላይ ሰማያዊው ክብ ወጣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የጻፈችው ፕሮግራም ነው። አየኸው ጋሼ፣ አየኸው አረንጓዴውን፣ አለችኝ። ይርጋነሽ በክርኗ ጎሰም ስታደርገኝ ልክ መሆኑ ገባኝና አየሁት አልኩ። ሰብለ ወንጌል አቀፈችኝ። ከዚያ ወዲህ በሱቄ በር ባለፈች ቁጥር ሰላም ሳትለኝ አታልፍም፤ እኔም እንደ እህቴ ወደድኳት።

ለኤግዚቢሽኑ ሳምንት ሲቀረው ይርጋነሽ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ደስታው ደስታ ነው፤ ግን አራስ ናት፣ አርባ ቀን ሞልቶ ልጁ ክርስትና እስኪነሳ ከደጃፍ አትወጣም። ሞጣ ብቻዬን መሄዴ ነው። አልጋዋ ላይ ሆና የገመዱን ሽቦዎች አንድ በአንድ አየችልኝ፣ ቋጠሮ አሰረችልኝ፣ ምንም ነገር እንዳትነካ ብላ አስጠነቀቀችኝ። ምን እነካለሁ፣ ሰክቼ መመለስ ነው አልኳት።

ሞኒተሩን ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አላስጭንም ብዬ ከረዳቱ ጋር ተጣላሁና እንደ ሰው ወንበር ይዤለት ሄድን። በኮረኮንቹ ላይ በዘለለ ቁጥር ሰብለ ወንጌል ከአንድ ወገን እኔ ከሌላው ወገን እንይዘዋለን። ሞጣ ስንደርስ አዳራሹ ውስጥ የጠበቀን አስናቀው ነበር። አስናቀው የሞጣ ቴፕ ጠጋኝ ነው፤ የድምጽ ማጉያውን እንዲተክል ተቀጥሯል። እኔና እሱ በደንበኛ የተነሳ ለዓመታት በሩቅ ተናንቀናል። የቢቸናው ፕሮፌሰር መጣልን አለና ሳቀ።

ጣጣው የጀመረው እዚያ ነው። ሞኒተሩ መድረክ ላይ ወጥቶ ፊቱን ለእንግዶቹ ይስጥ ተባለ፤ መምህርቷ ግን ከግርጌ፣ ከጎን ሆና ትሥራ። ገመዱ አልደረሰም። አራት ሜትር ያህል አነሰ። አስናቀው ከሱቁ ባለ አራት ሽቦ ገመድ አምጥቶ ወረወረልኝ። መሐሉን ቆርጬ በሁለቱም ጫፍ መቀጠል ነበረብኝ። የኔው ገመድ ቋጠሮ አለው፤ የአስናቀው ግን ከሙሉ ጥቅል የተቆረጠ፣ ምልክት የሌለው ነው። ነጩንና ሰማያዊውን ወዲያው አገናኘሁ። የቀሩት ሁለቱ ከፊቴ ተንጨባረሩ።

ቴስተሩ ከቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አንዱን ሽቦ ከዚህ ጫፍ ነክቼ ከዚያኛው ጫፍ ብለካ በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ግን አስናቀው እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ከላዬ ቆሟል። ቀይን ከቀይ ለማገናኘት ቴስተር የሚያወጣ ጠጋኝ በዓለም ላይ አለ? ያንን ቢያይ ወሬው ማታውኑ ቢቸና ይገባል። ስለዚህ ቴስተሩን አላወጣሁም። ጠቆር ያለውን ከጠቆረው አዛመድኩ፤ በልበ ሙሉነት ጠመዘዝኩ፣ በፕላስተር ጠቀለልኩ። በአንዱ ጫፍ ልክ ነበርኩ፣ በሌላው ጫፍ ስቻለሁ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ስለነበር የሚሞከርበት መንገድ አልነበረም። የመጣው እንግዶቹ ወንበራቸውን ይዘው፣ ንግግሩ ግማሽ ላይ ሲደርስ ነው።

ሰብለ ወንጌል ተራዋ ደርሶ ቁልፉን ተጫነች። እሷ ካለችበት ሞኒተሩ አይታይም። እኔ ከኋላ ቆሜ አያለሁ፤ ከላይ ጭቃማው፣ ከመሐል ቢጫው፣ ከታች ሌላው ጭቃማ፣ ክቡም በቦታው። አዳራሹ ጉም ጉም አለ። እኔ ተደነቁ ብዬ ደስ አለኝ፤ እሷም እንደኔ መስሏት ፈገግ አለች። ከፊት ወንበር አንድ ሰው ተነሥቶ ይህን የሠራው ማነው ብሎ ጠየቀ። እኔ ነኝ አለች፣ እጇን አውጥታ፣ እንደ ፈገገች።

አረንጓዴው ከታች፣ ቀዩ ከላይ ሆኖ ነበር። ሰንደቅ ዓላማው በባለሥልጣናት ፊት ተገልብጦ ወጣ። ሰው ሮጦ ሶኬቱን ነቀለው። ሰብለ ወንጌል መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት ቢቸና ስንሞክረው ልክ ነበር፣ ምናልባት ገመዱ ይሆናል አለች። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። ገመዱን እንዴት ነው ያገናኘኸው አሉኝ። እኔም አፌ እንደለመደው፣ "ቀይን ከቀይ፣ አረንጓዴን ከአረንጓዴ" አልኩ። አስናቀውም፣ ሲያገናኝ ከላዩ ቆሜ ነበር፣ እጁ አልተንቀጠቀጠም ብሎ መሰከረልኝ። ደግ ሥራ የሠራ መስሎታል።

ኮምፒውተሩንም ሞኒተሩንም ገመዱንም ካሴቱንም ሰብስበው ቆለፉባቸው። ሰብለ ወንጌል ነገሩ እስኪጣራ ክፍል እንዳትገባ ተነገራት። ባለፈው ዓመት በመምህራን ስብሰባ ላይ ደፈር ያለ ነገር ተናግራ ነበርና፣ ሆን ብላ ነው የሚል ሰው ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። ጉዳዩን የሚያይ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ቀኑ ይነገርሻል ተባለች። ሥራዋም፣ አዲስ አበባም፣ ምናልባትም ከዚያ የከፋ ነገር እዚያ ኮሚቴ እጅ ወደቀ። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዚያ ያለው አሥራ ሁለት ቀን ነው። ሥራ አልሠራሁም፣ አላረፍኩም። ሱቁን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ እስከ ከብት ገበያው ሄጄ ምንም ሳልገዛ እመለሳለሁ። የአንድ ገበሬ ሬዲዮ ፈትቼ ሦስት ጊዜ ገጥሜ አራተኛ ጊዜ ሰበርኩት። አንዴ ዛሬ ሄጄ እናገራለሁ እላለሁ፣ ወዲያው ደግሞ ማን ሬዲዮውን ይሰጠኛል እላለሁ። ቀለም የማይለይ ጠጋኝ ምን ይባላል? እናቴን የምጦረው በዚህ ሥራ ነው። ከሥራው በላይ ግን ስሙ ነበር የሚያንገበግበኝ። ዘጠኝ ዓመት ያከበረኝ ሰው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዳታለልኩት ሊያውቅ ነው። ፈሪ ነበርኩ፤ ለፍርሃቴ ደግሞ ጥሩ ጥሩ ምክንያት ነበረኝ።

ሰብለ ወንጌል በየጠዋቱ በሱቄ በር ታልፍ ነበር። ክፍል ባትገባም እየሄደች ትፈርማለች። እንዴት አደርሽ እላታለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ትለኛለች። ፊቷን አያለሁ፤ ያው ፊቷ ነው። ደህና ናት፣ ጠንካራ ናት፣ እንዲህ ያለ ነገር አይጥላትም እያልኩ ወደ ውስጥ እመለሳለሁ። ኮሚቴውም ቢሆን አንድ ነገር ብሎ ይተዋታል እላለሁ። ይህን ለራሴ የምለው በቀን ሃያ ጊዜ ነው።

ይርጋነሽ ወሬውን የሰማችው አራስ ሊጠይቁ ከመጡ ሴቶች ነው። አስጠራችኝ። ልጁን እያጠባች ነበር። ስለ ገመዱ ስትጠይቀኝ መሐሉን ቆርጬ እንደቀጠልኩ ነገርኳት፤ ከዚያ በኋላ ሌላ መናገር አላስፈለገኝም። ኮሚቴው መቼ ነው አለች። ነገ፣ ሞጣ አልኳት።

"ነገ ወይ አንተ ትሄዳለህ፣ ወይ ልጄን ታቅፌ እኔ እሄዳለሁ" አለች።

"ክርስትና ሳይነሳ?"

"ክርስትና ሳይነሳ።"

አራስ ልጇን ይዛ በአውቶቡስ ስትንገላታ፣ ሰውም ምን ነካት ሲል ታየኝ። ታደርገዋለች፤ አውቃታለሁ። ደግሞም ያንን ሁሉ ዓመት በኔ ውሸት ውስጥ የቆየችው ለኔ ስትል ነው፤ ለሌላ ሰው ጥፋት እንዲውል ፈቅዳ አይደለም። በማለዳው አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ሰብለ ወንጌልም እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ነበረች። ከፊት፣ በመስኮቱ በኩል። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። ደብረ ወርቅ እስክንደርስ እነግራታለሁ አልኩ፤ ደብረ ወርቅ ደርሰን አለፍን። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ሲወርዱ እቀመጣለሁ አልኩ፤ ሴትዮዋ ወረዱ፣ ሌላ ሰው ተቀመጠ፣ እኔ ካለሁበት አልተንቀሳቀስኩም። ሞጣ ድረስ እንዲህ ሆኜ ደረስኩ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ሰብሳቢው አቶ ታዘበው የሚባሉ ጡረታ የደረሱ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። አስናቀው ምስክር ተብሎ ተጠርቷል። ሳልጠራ ገባሁና ቆሜ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ፕላስተሩን ፈትታችሁ እዩት አልኩ። ገመዱ ከተቆለፈበት መጣ። አስናቀው በምላጭ ፈታው። የመጀመሪያው ጫፍ ልክ ነበር። ሁለተኛውን ሲፈታ እጁ ቆመ፤ እኔን አየኝ፣ ሰብሳቢውን አየ፣ ተገለባብጧል አለ። ሰብለ ወንጌል ወንበሯ ላይ ቀና አለች።

እኔ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አቶ ታዘበው ግን መነጽራቸውን አውልቀው፣ እንግዲህ ሆን ብላችሁ ያደረጋችሁት ሁለታችሁ ናችሁ ማለት ነው አሉ። ዘጠኝ ዓመት የሠራ ባለሙያ፣ ቢቸና በሙሉ የሚመሰክርለት፣ ቀይና አረንጓዴ እንዴት ይስታል?

"ጌታዬ፣ አይለይልኝም። ሲፈጥረኝ ጀምሮ ቀይና አረንጓዴ አይለይልኝም" አልኳቸው።

ሌሎቹ ሳቁ። አቶ ታዘበው አልሳቁም፤ እንግዲያው እንይሃ አሉና በመስኮቱ ወደ ውጭ እያመለከቱ ያ ሰንደቅ ዓላማ ከላዩ ምንድን ነው አሉኝ። አረንጓዴ አልኩ፤ ይህን የማያውቅ ማን አለ? በር ላይ የቆመችው ልጅ ያሰረችውስ ሻሽ? ሳላስብ ቀይ አልኩ። ቀድሞ አንድ ሰው ባለ ቀይ ሻሿ ብሎ ሲጠራት ሰምቼ ነበርና አፌ ቀደመኝ። በመጨረሻ ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ሲያሳዩኝ፣ መምህር የነበሩ ሰው ናቸውና ሌላ ሊሆን አይችልም ብዬ አሁንም ቀይ አልኩ። ሦስቱም ልክ ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ላለመሳሳት ስለፋ ኖሬ፣ እንደዚያች ቀን መሳሳት የፈለግሁበት ጊዜ የለም። ሆን ብዬ ብስት ደግሞ እንደ ተዋናይ ሊያዩኝ ነው። ከኮሚቴው አንዱ፣ ሰውዬው ለሴትየዋ ሲል ነው ብሎ ለጎረቤቱ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት።

ያኔ አስናቀው ተነሣ። የዚያ ገመድ ትራፊ ሱቄ አለ፣ ላምጣና ይለይ አለ። ሄደና አመጣ። ከቀዩም ከአረንጓዴውም ስድስት ስድስት ቁራጭ፣ እኩል ርዝመት እየለካ ቆረጠና ባርኔጣው ውስጥ ቀላቅሎ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ለይ አለኝ። ሳቅ የለበትም ድምጹ።

ተቀመጥኩና ለየሁ። ከልቤ ነው የለየሁት። ወደ መስኮቱ እያነሣሁ አየሁ፣ ከጥፍሬ ጋር እያስተያየሁ አየሁ፣ ላቤ ጠረጴዛው ላይ ጠብ አለ። በግራ ስድስት፣ በቀኝ ስድስት አደረግሁ። ጨረስኩ ብዬ ቀና አልኩ። መልሱን ያወቅሁት ከፊታቸው ነው። ያንሾካሾከው ሰውዬ አንገቱን ደፍቷል። ሰብለ ወንጌል አፏን በእጇ ይዛለች። አስናቀው ከእያንዳንዱ ክምር ሦስት ሦስት እያነሣ ወደ ሌላው አዛወረ፤ ግማሽ በግማሽ ስቻለሁ።

"ቴስተር ለምን አላወጣህም?" አለኝ ዝግ ብሎ።

"አንተ እያየኸኝ?"

አስናቀው ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ባርኔጣውን ሲያገላብጥ ቆየ።

አቶ ታዘበው የቴክኒክ ስህተት ነው ብለው ጻፉ። ሰብለ ወንጌል ሰኞ ክፍሏ ትገባለች። አዲስ አበባ የሚሄደው መምህር ግን ባለፈው ሳምንት ተመርጧል፤ እሱ ላይ ምንም ማድረግ አይቻልም አሏት። ባለፈው ሳምንት። እኔ ከብት ገበያ ለከብት ገበያ ስዞር ማለት ነው። እሷ አንገቷን ነቅንቃ አመስግና ወጣች።

ከግቢው ውጭ፣ አውቶቡስ መቆሚያው ጋ ደረስኩባት። ምን እንደምጠብቅ ልናገር፤ እንድታመሰግነኝ ጠብቄአለሁ። ስሜን ያጣሁት ለሷ ነው እያልኩ ነበር የምራመደው። ቆመችልኝና እንደ ወትሮዋ ዓይኔን አየችኝ።

"በመጀመሪያው ቀን ብትነግረኝ ሽቦዎቹ ላይ ቁጥር እጽፍልህ ነበር። ማንም አያውቅም ነበር" አለች። ጮሃ አይደለም። "በየጠዋቱ ሆን ብዬ ነበር በሱቅህ በር የማልፈው። ትወጣለህ እያልኩ። ሳለቅስ አድሬ ዓይኔ ደም መስሎ እያየኸው፣ እንዴት አደርሽ ብለኸኝ ትገባለህ። ምን ዓይነት ሰው ነው እል ነበር።"

"አልታየኝም" አልኳት። እውነቴን ነው፤ ቀልቶ እንደነበረ ያወቅሁት አሁን ነው። አሥራ ሁለት ቀን ያየሁት ፊት ደህና ፊት ነበር።

ገባት። ልትቆጣ የነበረው ከፊቷ ላይ ሲረግፍ አየሁት።

"ድምጼስ?" አለችኝ።

አውቶቡሱ መጣ፣ ሰው ተጋፋ፣ እሷም ገባች። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ድምጿን ሰምቼው ነበር። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ሰልሎ ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን ስትል ከመሐል ይቆረጥባት ነበር። በየጠዋቱ ሰምቼዋለሁ።